ጎብኚ ቀድሞ ይወጣል

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ቧንቧ ሠራተኛው፣ በአዝጋሚነቱ «ጠብታ» የምንለው፣ ባገኘኝ ቁጥር «ፈሪ ለእናቱ» ሳይለኝ አያልፍም። ታዲያ እንዲህ ያለ ፈሪ ከከተማ ሥር ባለ ጨለማ ቤት ምን ይሠራል ብትሉ፣ ሥራውን የወረስኩት ከእናቴ ነው።

ጨለማ ቤቱ የጥንት ሰዎች ለከተማው መጠጥ ብለው የቆፈሩት የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እኛ ጎተራው እንለዋለን። ጣራውን የተሸከሙት ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው፤ ይህን ሁሉ ዘመን የቆዩትም ውሃ ውስጥ ስለኖሩ ነው። አየር ላይ ከሰነበቱ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ሌላው ቅርሱን ከውሃ ሲጠብቅ እኛ በማስጠም እንጠብቃለን። በጉብኝት ቀን ጠዋት ውሃውን እናፈሳለን፣ ሰው ገብቶ አይቶ አድንቆ ይወጣል፣ ከዚያ መብራቱን አጥፍተን፣ ቫልቩን ከፍተን መልሰን እንሞላዋለን።

ሰው ውስጥ እንዳይቀር ዘዴ አለን። እያንዳንዱ ጎብኚ ሲገባ በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ አንድ የነሐስ ቁራጭ ያነሳል፤ ሲወጣ ሚስማሩ ላይ መልሶ ይሰቅላል። ሚስማሮቹ ሁሉ ከሞሉ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው። ዘዴውን ያመጣችው እናቴ ናት። ከዘዴው በላይ የምታከብረው ግን አንድ ሕግ ነበራት፦ ጎብኚ ቀድሞ ይወጣል፣ ጠባቂ መጨረሻ።

በልጅነቴ፣ ጉብኝት ባለ ቀን መስኮት ላይ ተለጥፌ እጠብቃት ነበር። ካመሸች ውሃው ወሰዳት ማለት ነው ብዬ አለቅሳለሁ። ስትመጣ «አንተ ቦቅቧቃ» ትለኝና ትስቅብኛለች፣ ከዚያ ታቅፈኛለች።

ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። አሁን የማስታወስ ችሎታዋ ከድቷታል። አንዳንድ ቀን በቁልምጫ ስሜ ትጠራኛለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ «እርስዎ» ትለኛለች። የወለደችህ እናት «እርስዎ» ስትልህ እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ የጉብኝት ቀን ሚስማሮቹ ሁሉ ሞልተው ነበር። ሁለቴ አየኋቸው፤ ፈሪ ሁሉን ነገር ሁለቴ ያያል። መብራቱን አጠፋሁ። ጠብታ ቫልቩን ከፈተና ውሃው ከሥር ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ እህቴ ደወለች።

«እማዬ አንተ ጋ መጣች እንዴ?»

«የምን እማዬ? ካንቺ ጋር አይደለችም?»

«ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ የለችም። ዱላዋም የለም።»

በጓሮ በኩል የጠባቂ በር አለ። በዚያ የሚገባው ጠባቂ ብቻ ስለሆነ ነሐስ አያነሳም። ጠባቂው ደግሞ እኔ ነኝና፣ ያንን በር ማየት ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም፤ ለእኔም ጭምር። ሮጬ ዞርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቀዳዳው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ እናቴ ሥራ ስትለቅ «ጠፍቶብኛል» ያለችን ቁልፍ።

ወደ ቫልቩ ተመልሼ ሮጥኩ። «ጠብታ፣ ዝጋው። እማዬ ውስጥ ናት።»

ጠብታ ፊቱ አመድ መሰለ። «ቶሎ እንደማይዘጋ ታውቃለህ» አለኝ፤ እጁ ግን መሽከርከሪያው ላይ ነበር። «እኔ እዘጋለሁ። አንተ ግባ።»

በጠባቂው በር ገብቼ ደረጃው አፍ ላይ ቆምኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይሄኛው ማሳሳቁንም ትቶታል። «እማዬ» ብዬ ተጣራሁ። ጨለማው «እማዬ» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን እልክ ነበር። አልነበረምና ወረድኩ።

ወለሉን ስረግጥ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፤ ብዙም ሳልራመድ ጉልበቴ ደረሰ። ውሃ ከገባ መብራቱ አይበራምና በባትሪ ምሰሶ ለምሰሶ ፈለግኳት። ጥላ ባየሁ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጨርቅ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። በመጨረሻ ጥጉ ላይ፣ ድሮ ከምትቆምበት ቦታ አገኘኋት። አንድ እጇን ምሰሶው ላይ አሳርፋ ቆማለች። የቀሚሷ ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል።

«እማዬ፣ ነይ እንውጣ» ብዬ ክንዷን ያዝኩ። በዱላዋ እጄን መታችኝ።

«እጅዎን ይሰብስቡ፣ ጌታዬ። መዝጊያ ሰዓት ደርሷል። ይቅደሙ፤ ጎብኚ ቀድሞ ይወጣል።»

ልሸከማት ሞከርኩ። ምሰሶውን ጥምጥም አድርጋ ይዛ ታገለችኝ፤ ወለሉ አሟልጮኝ ሁለታችንም ልንወድቅ ለጥቂት ተረፍን። ውሃው ጭኔን አልፏል። እኔ ጎብኚ ካልሆንኩ እሷ እንደማትወጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኳት። «ባትሪውን ይያዙልኝ።»

ተቀበለችኝ። ጠባቂ ከኋላ ሆኖ ለጎብኚ ያበራል፤ ይህን እጇ አልረሳውም።

ጀርባዬን ሰጥቻት መሄድ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዞሬ ብመለከት ደግማ ቆማ ልታስቀድመኝ ነው፤ ካልዞርኩ መከተሏን በምን አውቃለሁ? ከፊቴ የሚወዛወዘው የራሴ ጥላ ብቻ ነበር ማስረጃዬ። ጥላዬ ሲሄድ እሷም እየመጣች ነው።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ጥላዬ ቆመ።

«እርስዎ ይውጡ» አለች። «እኔ ልመለስ ነው። ውስጥ የቀረ ሰው አለ፤ ሲጣራ ሰምቻለሁ።»

ውሃው ወገቤ ደርሷል። እሷ ከእኔ አጭር ናት። ሳልዞር፣ «እኔ ነኝ የተጣራሁት» አልኳት። «እናቴን ነበር።»

«ጠፍተውብዎት?»

«አዎ።»

«አገኟቸው?»

«አግኝቻቸዋለሁ። አብረን ነው የምንወጣው።»

ውሃው ብቻ ያጉረመርማል። ከዚያ ጥላዬ ቀስ ብሎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት።

ውጭ ስንደርስ ጠብታ ቫልቩን ዘግቶ እየሮጠ መጥቶ ነበር። ሲያየን መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ምንም አልቀለደም። እናቴ በሩን ቆለፈች፣ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ መያዙን አረጋገጠች፣ ባለ ቀይ ክሩን ቁልፍ ጡቷ ሥር ሸጎጠች። ከዚያ ባትሪዬን መለሰችልኝ።

«ርሰዋል፤ ብርድ ሳይመታዎት ቤትዎ ይግቡ» አለችኝ። «እኔም ልቸኩል። ቤት ትንሽ ልጅ አለኝ፤ ሳመሽ ይፈራል።»

«አዎ፣ ይፈራል» አልኳት። «ይምጡ፣ ላድርስዎት።»