የምታስነጥሰው መኪና

ሰውየውን ሰፈሩ የሚጠራው «ደንቡ» እያለ ነው። ውሻ እንኳ በማያልፍበት መንገድ ቀይ መብራት ሲበራ ቆሞ የሚጠብቅ፣ አዲስ ደንብ በወጣ ቁጥር አንብቦ ለጎረቤት የሚያስረዳ፣ በሹፌርነት ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን ተቀጥቶ የማያውቅ ጡረተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ችግር አይደፍረውም ትሉ ይሆናል። ደፈረው፤ ያውም በወጣበት በገባበት።

ሚስቱ መርሳት ከጀመረች ቆይታለች። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ረሳች፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም፤ ኋላ ደግሞ የባሏን ፊት። ያልረሳችው የመኪናውን ድምፅ ብቻ ነው። መኪናዋ ከትዳራቸው በጥቂት ወራት ብታንስ ነው። ከመታጠፊያው ጀምራ እያጉረመረመች ትመጣለች፤ በሩ ጋ ደርሳ ሞተሯ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታስነጥሳለች። ሚስቲቱ ያኔ ከየትኛውም ክፍል ትሁን፣ «ይማርሽ» ብላ ትወጣና የግቢውን በር በሁለቱም በኩል ወለል አድርጋ ትከፍታለች። «መጣህ? ምነው ዛሬ ቆየህ?» ትለዋለች፣ ባይቆይም። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሆኖ የሚውለው ሰውዬ ከዚያ በኋላ እራት በልተው እስኪተኙ ድረስ ባሏ ነው።

ደንቡ የሚኖረው ለዚያች ሰዓት ነበር። ስለዚህ ጡረታ ወጥቶም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ለአንዲት ጎረቤታቸው አደራ ሰጥቶ መኪናውን አስነስቶ ይወጣል። የሚሄድበት የለውም፤ የሚወጣው ለመመለስ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል የጭስ ደንብ ወጣ። በዓመታዊው ምርመራ ላይ መርማሪው ቀጭን ቱቦ በጭስ ማውጫው ከቶ መሣሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታው ተበስቷል፣ ጭሱም ከልክ በላይ ነው፤ ማጣሪያ ካልተገጠመላት መንገድ ላይ መውጣት አትችልም አለው። ደንቡ አልተከራከረም። መኪናውን ይዞ በብየዳው ከታወቀው፣ በወሬው ደግሞ ይበልጥ ከታወቀው ማርሚታ ሠሪ ዘንድ ሄደ። በያጁ አሮጌውን ቆርጦ አወጣ፤ ማጣሪያና አዲስ ማርሚታ ገጠመ፤ ካርቡሬተሩን አጠበ፤ ካንዴላዎቹን ቀየረ። መኪናዋ ምርመራውን አለፈች፤ መርማሪውም ለዕድሜዋ ጎበዝ ናት ብሎ አመሰገናት።

ያን ቀን ማታ ደንቡ በሩ ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ። «ይማርሽ» የሚል ሰው የለም። ጥሩምባ ነፋ። በሩ በጠባቡ ተከፈተ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችው ሚስቱ።

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤቴ ገና አልገባም። ሲመጣ ቢመለሱ ይሻላል» አለችና ዘጋችበት።

ያስገባችው ጎረቤቲቱ ናት። ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ባሏን ትጠብቅ ጀመር፤ ባሏም የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት ጠበቀ።

በማግስቱ በያጁ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ፤ ቀጥሎ የሰውየውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። «ጋሼ፣ ይሄማ ምን ይከብዳል? ማጣሪያውን ቆርጬ አሮጌውን እመልስልዎታለሁ፤ የምርመራው ቀን ሲደርስ መልሰን እንገጥመዋለን። ያገሬው ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።»

ደንቡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ለመጣስ ልቡ ከጀለ። እሺ የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «አይሆንም» አለ። «ከያዙኝ መኪናዋን ይወስዷታል፤ ያኔ ጭርሱን ቀረሁ ማለት ነው። ደግሞስ ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው አይደል?»

እንግዲህ የጭስ ደንቡም ሳይፈርስ ድምፁም ሳይቀር የሚሆንበት መንገድ ተፈለገ። ከሞተሩ እስከ ማጣሪያው ያለው አይነካም፤ እዚያ ቀዳዳ ከተገኘ መኪናዋ ትወድቃለች። ከማጣሪያው ወዲያ ያለው ግን፣ ጭሱ አንዴ ከጸዳና ጩኸቱ ከልክ ካላለፈ፣ ቱቦው ቢሰፋም ቢጠብም ማንም አይጠይቅም። ማስነጠሱም ቢሆን ከሞተሩ አልነበረም፤ አሮጌው ማርሚታ ሆድ ውስጥ ከላላች አንዲት ቆርቆሮ የሚመጣ ነበር። በያጁ ይህን ያወቀው ማርሚታውን ከሁለት ሰንጥቆ ካየ በኋላ ነው። ቆርቆሮዋን እንደ ላላች አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ገጠማት።

ማጉረምረሙ ግን አስቸገረ። ደንቡ ከመኪናዋ ጎን ቁጢጥ ብሎ ድምፁን በአፉ ያሰማል፤ በያጁ ከሥር ተጋድሞ «እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ?» እያለ እሱም በአፉ ይመልሳል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ሲያጉረመርሙ ያየ ደንበኛ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የመጀመሪያው ቱቦ እንደ ትንኝ አለቀሰ። ሁለተኛው ሰፈሩን አናወጠና ከልኩ አለፈ። ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ እንደገና ተቆረጠ፤ መኪናዋም ጋራዥ ከረመች።

ደንቡ በነዚያ ቀናት በእግሩ እየሄደ በእግሩ ይመለሳል። ቤቱ የሚገባው ጎረቤቲቱ በየቀኑ አንድ ሰበብ እየፈጠረችለት ነው። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ነው ብላ አስገባችው፤ ቧንቧው ደህና ቢሆንም ፈትቶ ገጠመው። ሚስቱ እጅዎ ይባረክ ብላ መረቀችው። ማታ ማታ በር ከፍታ ወደ መታጠፊያው ስታይ፣ ትንሽ ታገሺኝ ይላታል በልቡ።

ከዚያ አንድ ቀን በር መውጣቷን ተወች። ጎረቤቲቱ፣ ዛሬስ አልወጣችም፣ አረፈች ብላ የምሥራች ነገረችው። እሱም ደስ አለው። አይ ደንቡ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም፣ ምነው መጠበቁን ተወችው ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

በመጨረሻ በያጁ ተሳካለት። ሞተሩ ሲነሳ ደንቡ ዓይኑን ጨፈነ፤ ራሷ ናት። ወደ ምርመራው ወሰዳት፤ ጭሷም ንጹሕ፣ ድምፅዋም ከልኩ በታች ሆነ። እየበረረ ሊመጣ ከጅሎ ነበር፤ በደንቡ ፍጥነት መጣ።

ከመታጠፊያው ጀምራ አጉረመረመች። ጎረቤቲቱ ድምፁን ስትሰማ የኔ ተራ አበቃ ብላ በጓሮ በኩል ወደ ቤቷ ገባች። ደንቡ በሩ ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ደንቡ ከመኪናው ወረደ። በሩ በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሚስቱ ወጣች፤ እሱን አልፋ ሄዳ መዳፏን በሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። እንባዋ ይወርድ ነበር።

«የባለቤቴ መኪና ናት» አለችው። «ከሞተ በኋላ ድምፅዋን የምሰማ አልመሰለኝም ነበር። ከየት አገኟት?»

«መቼ ሞተ?» አለ ደንቡ።

«ድምፁ የቀረ ቀን ነዋ። ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት። በሕይወት ቢኖር ይመጣ ነበር። አንድም ማታ ቀርቶ አያውቅም።»

«እኔ እኮ ነኝ» አለ ደንቡ። «እይኝ እስቲ። እኔ ነኝ።»

አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያም እንደሚታዘንለት ሰው እጁን ያዝ አደረገችው። «ደክሞዎታል» አለች። «ይህን ያህል መንገድ ነድተው አምጥተውልኛልና እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ወደ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

አስገባላት። ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ አቆማትና ወረደ። ሚስቱ እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጣት። ላዘንኩት ለእኔ ምን የመሰለ ነገር አደረጉልኝ እያለች እስከ በር ሸኘችው።

«መሸ እኮ፤ እንግዲህ ይሂዱ» አለችው። «ቤትዎ የሚጠብቅዎ ይኖራል።»

«አዎ» አለ ደንቡ።

በሩን ከውስጥ ስትቀረቅረው ሰማ። መንገዱ ላይ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ አሰበ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከየትም ሆኖ የሚመለሰው ወደዚህ በር ነበር።