ዋበሪ የቆመበት በር

ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ ሰፈር እስከ ከዚራ ኡባህ ዲሪር የማትመልሰው ጥያቄ የለም። ይህን የሚለው ሌላ ሰው ቢሆን ማለፊያ ነበር፤ የምትለው ግን ራሷ ኡባህ ናት። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት፣ ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ምላሷ ግን ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ትምህርት ያቆመችው ትንሹ ወንድሟ ዋበሪ ሲወለድ እናቷ ቢሻሮ ወተት የሚያደርስላት ሰው ስላጣች ነው። እሷን ብትጠይቋት ግን «የሚያስተምሩኝ አለቀባቸው» ትላችኋለች።

ወተቱ በማለዳ ከመልካ ጀብዱ መንደር ይመጣል። ቢሻሮ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች። ውሃ ከገባበት አንድ ቃል ሳትናገር የወተት ቢዶኑን ወዳመጣችው ሴት መልሳ ትገፋዋለች። ላሟ ትናንት የበላችውን ሳይቀር ታውቃለች ይሏታል። ኡባህ ግን ይህችን እናት በልጫለሁ ባይ ናት። የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትደርስ አንድ ኩባያ ወተት ጥርግ አድርጋ ትጠጣና፣ ማዶ ካለው ቦኖ የጎደለውን ያህል ውሃ ትሞላለች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት፤ የነቃባት የለም። ይህንንም ከዕውቀቷ ትቆጥረዋለች።

የመጨረሻ ደንበኛዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ብቻውን የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። አገሩ ሴይሎን ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከተማው «ሚስተር» ብሎ አሳጠረለት። ገበያ ሲወጣ ደግሞ «ባንያን» ይሉታል። «ህንድ አይደለሁም» ይላል፤ ማን ሰምቶት። በመደርደሪያው ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ትንሽ የነሐስ ሰው አለ፣ ከፊቱ ሁልጊዜ ነጭ አበባ አይጠፋም።

«አምላክህ ነው?» አለችው አንድ ጠዋት። ድሬዳዋ ላይ «እርስዎ» የሚባለውን ሙቀቱ አቅልጦታል፤ ሽማግሌም መምህርም «አንተ» ነው።

«አይደለም። ሰው ነበር። አስተማሪ። ቡድሃ ይባላል።»

«አሁን የት አለ?»

«ሞተ።»

«ታዲያ አንተን ማን ፈጠረህ?»

ሚስተር ወተቱን ወደ ድስቱ እየገለበጠ አሰበ። አማርኛው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣለት። «እሱን አንጠይቅም። ደቻቱ ሲሞላ ቆመሽ፣ ይህ ውሃ ከየት መጣ ትያለሽ? ትሮጫለሽ።»

ኡባህ ይህን እንደ ትኩስ ሳምቡሳ በጨርቅ ጠቅልላ መጋላ ድረስ ሮጠች፤ ከመስጊዱ አጥር ሥር ለልጆች ቁርአን የሚያስተምሩት ሼህ ዐብዱላሂ ፊት ዘረገፈችው። ሼሁ ሳቁ።

«ጎርፉን የላከው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ወዴት ነው የሚሮጠው? ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጠየቀችላቸው። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ተላላኪ ሆነች። መከራ ለምን ይመጣል ብላ ብትጠይቅ ሼሁ «ፈተና ነው» አሉ፤ «ሰብር ያደረገ፣ የታገሠ፣ ያልፋል።» ሚስተር ደግሞ «ፈታኝ የለም» አለ። «አጥብቀሽ የያዝሽው ነገር ሲሄድ እጅሽን ያምሻል። ጥፋቱ የአያያዝሽ ነው።» ሼሁ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን አቆሙ። «እናትን ልጅሽን አትያዢ ሊላት ነው? የያዝነውማ አደራ ነው። ባለቤቱ ሲጠይቅ እንመልሳለን፤ እስከዚያ ግን አጥብቀን ነው የምንይዘው።»

ኡባህ አሸዋው ላይ ወተቷን እየጠጣች እንደ ኳስ ዳኛ ነጥብ ትሰጣለች። ሼህ ሁለት፣ ሚስተር አንድ። ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ሁለቱንም የሚያውቀው ነው፤ እሱም ማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

በጥር ዋበሪን ኩፍኝ ያዘው። ሦስት ዓመቱ ነበር። ኩፍኝ ያልያዘው ልጅ ማን አለ ተባለ፤ በስድስተኛው ቀን ግን ትንፋሹ አጠረ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሩት። አባቱ ዲሪር የጭነት መኪናውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለነበር የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ማልቀሻ ቦታ ሲያጣ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ሲነካካ ዋለና በማግስቱ ሄደ።

ሼህ ዐብዱላሂ ቢሻሮ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። «ስሚኝ ቢሻሮ። ሕፃን አይጠየቅም። ዋበሪ የጀነት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ካለ አንቺ አልገባም ይላል። በመጣሽ ቀን የልብስሽን ጫፍ ይዞ ያስገባሻል።»

ቢሻሮ ራሷን ነቀነቀች። አመነች። በየሶላቱ ስሙን ጠርታ ዱዓ ታደርግለታለች። ግን አትበላም። ወተት የሚያመጡት ሴቶች ሲመጡ ጣቷን ሳትነክር «አስቀምጡት» ትላለች። አንድ ቀን ኡባህ ራሷን ስታበጥርላት ለራሷ እንደምታወራ ሆና «ሕዝብ ሲበዛ ይፈራል እኮ» አለች። «እስክመጣ ድረስ እዚያ በር ላይ ብቻውን እንዴት ይቆማል? ማን ያቅፈዋል?»

ኡባህ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣች። ይህ ደግሞ ከሞቱ እኩል አናደዳት።

በማግስቱ ሚስተርን የአንገት ማሰሪያውን እንኳ ሳያስር ያዘችው። «ሰው ሲሞት ይመለሳል ወይ?»

ሚስተር ወደ ማድቤት ወሰዳት። ትናንት ያረጋው እርጎ በሸክላው ውስጥ አለ። ከእሱ አንድ ማንኪያ ጨለፈና ዛሬ ባመጣችው ለብ ያለ ወተት ውስጥ ጨመረው። «ነገ ይህ እርጎ ይሆናል። የትናንቱ ነው?»

«አይደለም።»

«ያለ ትናንቱ ይሆን ነበር?»

«አይሆንም።»

«እንደዚያ ነው። ሌላ ሕይወት ይመጣል። ያው ነው አትይም፤ ሌላ ነው አትይም።»

ሚስተር ይህን ብሎ ማሰሪያውን ፍለጋ ሄደ። ኡባህ የሰማችው ግን «ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ቀሪውን ደቻቱ አሸዋ ላይ አራግፋው መጣች።

«ሆዮ» አለች እናቷን፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። «ዋበሪ በሩ ላይ አልቆመም። ተመልሷል።»

ቢሻሮ ቀና አለች። «ማን አለ?»

«የሚስተር አገር ሰዎች የተማሩት ነው። ትንሽ ልጅ ሲሞት በአርባ ቀን ውስጥ እዚያው ሰፈሩ ይወለዳል።» አርባ ቀን የሚለውንም ሰፈሩ የሚለውንም ሚስተር አላለም፤ ከራሷ ነው። ግን ሲነገር ስላማረ እሷም አመነችው።

«ሼህ ዐብዱላሂስ?»

«ሼህም አልካዱም።»

ሼሁ አልተጠየቁም እንጂ ቢጠየቁ በበትራቸው ነበር የሚመልሱት። ግን የተጠማ ሰው ውሃው ከየት ተቀዳ አይልም። ቢሻሮ በዚያው ቀን ምሳ በላች። ሁለተኛ ጨምሪልኝ አለች። ኡባህ ሳህኑን ስታነሣ ሼህም ሚስተርም ያልቻሉትን እኔ ቻልኩት አለች በልቧ፤ በዓለም ላይ ደስ የሚል ነገር ካለ ያ ነበር።

ከጎናቸው፣ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናቸው ጎረቤታቸው ዩሩብ ዋበሪ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ወንድ ልጅ ወለደች።

ቢሻሮ ወተት ይዛ ሄደች። በማግስቱም ሄደች። ለአራሷ ሾርባ ትሠራለች፣ ጨርቅ ታጥባለች፤ ዩሩብ «እንዲህ ያለች ጎረቤት ማን አላት» እያለች ትመርቃታለች። ቢሻሮ ግን ልጁን ስታገላብጥ ነው የምትውለው። ከግራ ጆሮው ኋላ ትንሽ ጠባሳ የመሰለ አገኘች። «ዋበሪ ከአልጋ የወደቀ ጊዜ» አለች ለኡባህ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ኡባህ የዋበሪ ጠባሳ ከቀኝ ጆሮው ኋላ እንደነበር ታስታውሳለች። አልተናገረችም። እናቷ ወተት መቅመስ እንደገና ጀምራለች፤ ለዱዓ ግን እጇን ስትዘረጋ ካየቻት ሰንብታለች። ይህንንም አልተናገረችም።

የዩሩብ የአራስነት አርባ ቀን ሞላ። ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ጣፋጩ ሐልዋ ቀረበ፣ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቢሻሮ ዘንድ ሲደርስ መዞሩ ቆመ። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ዋበሪ» አለችው። «ዋበሪ፣ የሆዮ ልጅ፣ መጣህልኝ።»

የሞተን ልጅ ስም በሕያው ላይ መጥራት ሞትን መጥራት እንደሆነ መጋላ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ቢሻሮ» አለች ዩሩብ ከተቀመጠችበት እየተነሣች፤ «ልጄ ስም አለው። ተማም ነው። አምጪው።»

ልጁ ጡት ፈልጎ ማልቀስ ጀመረ። ቢሻሮ አልሰጠችም። ከሴቶቹ ሁለቱ ተነሥተው ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቁ። «የልጅሽ መቃብር ሳይደርቅ ዓይንሽን የሰው ልጅ ላይ ጣልሽ» አለች አንዷ። ዩሩብ ሕፃኑን በሻሿ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር ለቢሻሮ የሚከፈት የለም፤ ግድግዳው ግን አንድ ስለሆነ ተማም ባለቀሰ ቁጥር ይሰማታል።

ቢሻሮ ቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አላለቀሰችም። «አርባ ቀን ሙሉ» አለች፤ «አርባ ቀን ሙሉ አንድ ዱዓ አላደረግኩለትም። መጥቷል ብዬ ጥዬው። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ፣ እኔ የሰው ልጅ ጨርቅ ሳጥብ።»

ኡባህ በረረች። ሚስተር ደብተር ሲያርም አገኘችው።

«ና፤ ለእናቴ ንገርልኝ።»

«ምን ልንገራት?»

«መመለሱን። በአርባ ቀን።»

«አርባ ቀን ማን አለሽ?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። ትንሽ ነው።»

ሚስተር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁሉንም አስነገራት፤ ዩሩብን፣ ጠባሳውን፣ የተፈለቀቁትን ጣቶች። ኡባህ ስትጨርስ ወደ ነሐሱ ሰው ዞረ፤ ያግዘኛል ብሎ ከሆነ ግን አላገዘውም።

«እርጎው የትናንቱ አይደለም አላልሽም? በራስሽ አፍ ነው ያልሽው። የሚመጣው ለእናትሽ አይመጣም። ስሟን አያውቅም። እኔ ይህን እዚያ ቤት ሄጄ ለእናትሽ ልበላት?»

ኡባህ ወደ በሩ ዞረች።

«ሼሁ የሰጣት ለእሷ የሚሆን ነበር» አለ ሚስተር። «አንቺ ያንን ወሰድሽባት። በምትኩ የሰጠሻት የእኔም አይደለም።» ደብተሩን ጎተተና ማረሙን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሻሮ ደጃፏ ላይ ነበረች። ወተቱን ቀመሰች፣ አንዱን ቢዶን ወዳመጣችው ሴት ገፋች፣ ሌላውን ተቀበለች። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራውን አልረሳም። ኡባህ ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳችውን ይዛ ከጎኗ ቁጢጥ አለች።

«ሆዮ፣ አገኘሁት። ሚስተር እንደዚያ አላለም፤ እኔ ነኝ ያቀላቀልኩት። ስለዚህ ዋበሪ በሩ ላይ ነው፣ የሼህ ልክ ነው። ብቻውን ግን አይደለም፤ ምክንያቱም እዚያ ሌሎች ሕፃናት አሉ፣ ደግሞ እነሱ ዘንድ ጊዜ እንደኛ አይደለም፣ አርባ ቀን ማለት እዚያ ልክ እንደ…»

ቢሻሮ እጇን አነሣች።

«ከከዚራ የሚመለሰውን ቢዶን ሁለት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ቢሻሮ። «ሥሩ የቀረውን እቀምሳለሁ። ውሃ እንደምትሞዪበት አውቃለሁ። ልጅ ናት፣ ፀሐይ ነው፣ ይጠማታል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን አፍሽን ዝጊና ወተቱን አድርሺ።»