የተዘጋበት ትል

በአያልነህ የፊት ጥርስ ላይ የጎመን ዘር የምታክል ጥቁር ነጥብ የታየችው በ፲፱፻፶፯ ጥቅምት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግድም አይሰጠውም። አያልነህ ግን የቁሐር ሚካኤል ሰው ነው፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብቱን ከውሃ የሚያስወጣው በዚያች ጥርስ እያፏጨ ነው። መሪው በሬ ቡሬ ሌላ ጥሪ አይሰማም።

«ማረው ይንቀለውና ተገላገል» አለችው ሚስቱ ገላነሽ። ማረው በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ጎረቤታቸው ነው።

«ቡሬንስ ማን ይጠራዋል? አንቺ?»

«አንተን ጠርቼ መች መጥተህ ነው በሬው የሚመጣልኝ?»

ከጎንደር የጥርስ ሐኪም ወረታ መምጣቱን ሰማና በገበያው ቀን ሄደ።

«ገና ጅምር ነው፤ አይነቀልም። ጠርጌ እደፍነዋለሁ» አለው ሐኪሙ። በእግሩ እየረገጠ መሰርሰሪያውን ሲያሽከረክር አያልነህ የልብስ ሰፊው የመሐመድዘይን መኪና አፉ ውስጥ የገባ መሰለው። ዓይኑን ጨፍኖ ሞቱን ሲጠብቅ፣ «ጨርሰናል» ተባለ። «አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ፣ እንደተበደለ ሰው። «ትሉስ፣ ጌታው?»

«የምን ትል?»

«ጥርሴን የበላው ነዋ!»

«ትል የሚባል የለም። ቀዳዳው ተደፍኗል። ደስ አለህ?»

አያልነህ ደስታውን እስከ ቁሐር ሚካኤል ድረስ ፈልጎ አጣው።

ገላነሽ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውስጥ እንዳለ ዘጋበት? አሁን እኮ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ነው የሚቆፍረው!»

«ወደ ላይ ወዴት?»

በጣቷ ግንባሩን ነካችው። አያልነህ ላብ በላብ ሆነ።

በማግስቱ የጥርስ ትል በጢስ የሚያስወጡት አሮጊት፣ እሜቴ እናኑ፣ ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው መጡ። ማረውም ጉጠቱን ይዞ ተከተለ፤ ትሉ በጢስ አልወጣም ካለ ከነጥርሱ ሊነቅለው።

እሜቴ እናኑ ውሃ ባለበት ገበቴ የጋለ ድንጋይ አስቀምጠው የእምቧይ ፍሬና ቅቤ ጣል አደረጉበት። አያልነህ ጋቢ ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ ጢሱ ላይ አጎነበሰ። ሲያስለው፣ ዓይኑ ሲያነባ ቆየ። ጋቢው ሲገለጥ ቀጫጭን ነጫጭ ነገሮች ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል።

«ሰባት!» ገላነሽ እልል አለች። ማረው ቅር እያለው ጉጠቱን ወገቡ ላይ ሻጠ።

አያልነህ ምላሱን ወደ ጥርሱ ላከ። ድፍኑ እንዳለ ነው። በጥፍሩ ጫረው፤ ንቅንቅ አላለም።

«እሜቴ፣ በየት በኩል ወጡ?»

«በአፍህ ነዋ፣ ልጄ።»

«በሩ እኮ እንደተዘጋ ነው።»

ማረው ጎንበስ ብሎ አየ። ገላነሽም አየች።

«እስኪ ያለ እኔ አፍ ይድገሙት» አለ አያልነህ።

«ምን ገዶኝ!» አሉ እሜቴ እናኑ። ውሃውን ቀየሩ፣ ድንጋዩን አጋሉ፣ ፍሬውን ጣሉበት፤ ማንም ሳያጎነብስ ጋቢውን ገበቴው ላይ አለበሱት። ሲገልጡት ገላነሽ ቆጠረች።

«ዘጠኝ» አለች። እልል ግን አላለችም።

እሜቴ እናኑ አንዱን በጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በሙቀት የፈነዳ የእምቧይ ዘር ነው። «አርባ ዓመት ሙሉ…» አሉና መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ።

አያልነህ ደጅ ወጥቶ አፏጨ። ቡሬ ከሜዳው ማዶ ቀና አለ፤ ከዚያ ከብቱን አስከትሎ ወደ ቤት መጣ።

እሜቴ እናኑ ፉጨቱን ከውስጥ ሰሙ። የታሰረ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦

«ያ ሐኪም እስከ መቼ ነው ወረታ የሚቆየው?»