የተንበረከከው ዋንዛ

በባልቻ ጓሮ ውስጥ ቀጥ ብለው ያደጉት ዛፎች ሁሉ ተሸጠው አልቀዋል። አንዱ ሚስቱ ሚስራ ዲላ ሐኪም ቤት ስትመረመር ሄደ፤ ሌላው ሐዋሳ ስትተኛ ሄደ፤ የቀሩት ደግሞ በመድኃኒትና በመኪና ኪራይ ተሸራርፈው አለቁ። ከወናጎ በላይ ባለው ዳገት የሚኖር ገበሬ ዛፍ የሚያሳድገው ለቡናው ጥላ፣ ለራሱም ለክፉ ቀን ነውና ክፉ ቀን ሲመጣ መቁረጡ አያስወቅሰውም። ችግሩ ጥላው አብሮ መሄዱ ነው። ፀሐይ ያገኘው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ፍሬውም ሳይሞላ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ባልቻ ይህን እያየ ዝም ይላል። ሚስቱ ታማ ስለ ቡና ያወራል እንዳይባል ነው።

የቀረው አንድ ዋንዛ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የቀረው የሚገዛው ጠፍቶ ነው።

ዋንዛው ሲያዩት ያስቃል። እንደ ዛፍ ወግ ከሥሩ ወደ ሰማይ እንደመነሳት፣ መጀመሪያ አንድ ሰው የሚተኛበትን ያህል መሬት ለመሬት ተጋድሟል። ከዚያ እንደ ጉልበት ታጥፎ ይነሳል። ተነስቶም አላረፈም፤ አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ቤቱ ሲወላገድ ቆይቶ በመጨረሻ ቅርንጫፎቹን በግቢው ግማሽ ላይ ዘርግቷል። ግንዱ ላይ የሰው ራስ የሚያካክሉ ጉጦች አሉት። የዲላው የጣውላ ነጋዴ ኸይረዲን ዛፍ ሊገዛ በመጣ ቁጥር ቀና ቀናውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ይመርጥና እዚህ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ይስቃል።

«ባልቻ፣ ይኼ ሰክሮ ነው የወደቀው ወይስ ሰው ሊደበድብ ነው ያደፈጠው? ከዚህ ጣውላ የሚያወጣ መጋዝ ገና አልተሠራም።»

ባልቻም አብሮት ይስቃል። ሚስራ ግን አትስቅም ነበር።

ሙሽራ ሆና በገባችበት ዓመት አንድ አሮጌ ብርብራ በነፋስ ተገንድሶ፣ ከጉልበት የማያልፍ የዋንዛ ችግኝ ላይ ወደቀ። ግንዱን የሚያነሳ ሳይገኝ ክረምቱ አለፈበት። ሁሉም ችግኙን ሞቷል ብሎ ሲረሳው፣ እሷ አንድ ቀን ጎመን ልትቀነጥስ ጎንበስ ስትል በግንዱ ጎን በኩል ሁለት ቅጠል ብቅ ብሎ አየች። ችግኙ ብርብራውን ማንሳት ስላልቻለ ከሥር ከሥሩ እየዳኸ ወጥቶ ነበር። ባልቻ ሊነቅለው ሲል «ይህን ሁሉ መንገድ ዳክሮ መጥቶ? ተወው እባክህ» አለችው። አማቷ ደግሞ «ዛፍ ከእርጥብነቱ፣ ሰው ከሕፃንነቱ ነው፤ ይኼ ከእንግዲህ አይቃናም» ብለው ፈረዱበት። እውነታቸውን ነው፤ አልተቃናም። ግን አደገ።

በተጋደመው ግንድ ላይ ተቀምጣ ልጇን ሲፈንን አጠባች። ከሲፈን በፊት የወለደችውን ቀብራ የመጣች ዕለት፣ ቤት ሞልቶ ከተቀመጠው ለቀስተኛ ሾልካ ወጥታ ያለቀሰችው እዚያው ላይ ነው። በጥቅምት አበባው ነጭ ሆኖ ሲፈነዳና ንቡ ሲተራመስበት ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆማ ታየዋለች። ቀጥ ያለ ዛፍ አንዴ ካዩት አዩት ነው፤ ይኼኛው ግን በዞሩበት ቁጥር ሌላ ነው። ሚስራ ዛፉን ትወደዋለች፤ ያማረውም ስለተጣመመ እንደሆነ ታውቃለች። ለሰው ግን አትናገርም፤ ማን ይሰማታል?

አሁን ደግሞ በግቢው ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የቀላው ቡና ከዚህ ዛፍ ሥር ያለው ብቻ ነው። የቤቱ ጨውና ዘይት፣ የሲፈን ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሁሉም የሚጠበቀው ከዚያ ነበር።

በዚያ ጥቅምት ኸይረዲን መጣ፤ ዛፉ ጋ ሲደርስም አልሳቀም። ዞሮ ዞሮ አየው። ጉጦቹን ዳሰሰ። እንደ ጉልበት የታጠፈበት ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየና ወደ ባልቻ ዞረ።

«ዲላ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሎጅ እየሠራ ነው» አለ። «ባንኮኒውም ወንበሩም ጠማማ እንጨት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ቀጥ ያለማ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል አለኝ። እኔም ወዲያው ይኼ ያንተ ትዝ አለኝ።»

ባልቻ የሚያሾፍበት መሰለው።

«ወላሂ እውነቴን ነው። ከነጉጡ፣ እንዳለ ይወስደዋል። ሚስትህን አዲስ አበባ ወስደህ አሳክመህ የምትመለስበትን ያህል ያወጣልሃል።»

እንግዲህ ጉድ እዩ። ስንት ዘመን ሲሳቅበት የኖረ ዛፍ ቆንጆ የተባለ ዕለት መሞቻው ደረሰ። የከተማ ሰው አንዳንዴ ዓይኑ የሚከፈተው መጥረቢያ ለማንሳት ነው። ባልቻ ግን ይህን የሚያስብበት አንጀት አልነበረውም፤ የነጋዴውን ትከሻ ሳመ፣ እንባው መጣ፣ ለሐሙስ ተቀጣጠሩ። ሚስራ ይህን ሁሉ የሰማችው ከግድግዳው ወዲያ፣ መደብ ላይ ተኝታ ነው።

እሷ ባልቻ የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች። ሐዋሳ ተኝታ ሳለ ገበያነሽ የምትባል፣ የዲላ ልጅ የሆነች ነርስ ነበረች። ባልቻ መድኃኒት ሊገዛ በወጣበት ሚስራ የልጅቷን እጅ ይዛ «በእናትሽ ሞት፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። ገበያነሽ መጀመሪያ አንሶላውን አስተካከለች፤ ቀጥሎ ትራሱን አስተካከለች፤ የሚስተካከል ነገር ሲጠፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጉበትሽ ጋ ደርሷል፣ እናቴ» አለች። «አዲስ አበባ ብትሄጂም ሕመሙን ቢያስታግሱልሽ ነው።» ከዚያ ያለቀሰችው ነርሷ ናት፤ ያባበለቻት ሚስራ።

ኸይረዲን በሄደ ማግስት ሚስራ ባሏን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ነርሷ ያለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«ነርስ አምላክ ናት እንዴ?» አለ ባልቻ።

«የሲፈን አባት፣ ስማኝ። እኔ መንገዴን ጀምሬያለሁ። ይኼ ዛፍ ከሄደ ከሥሩ ያለው ቡና እንደዚያኛው በፀሐይ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ አንተና ልጅቷ ምን ትበላላችሁ?»

«ዛፍ ካንቺ ይበልጣል?»

«ለሲፈን ይበልጣል።»

ባልቻ ብድግ አለ። ቃል የማያበዛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ከጎረቤት ተሰማ። «ዛፉን እሸጣለሁ! ዛፉ ካልበቃ መሬቱን አስይዛለሁ! መሬቱም ካልበቃ እኔን ይግዙኝ! እጄን አጣጥፌ ስትሞቺ አላይም!» ብሎ ወጣና እስኪመሽ አልተመለሰም።

ሚስራ መሬቱን ሲል ደነገጠች። የሚለውን እንደሚያደርግ ታውቃለች። የእሷን ሞት ማንም አይመልሰውም፤ ባሏ ግን ሞቷን ተከትሎ ቤቱን ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ሊከት ነው። ልትከለክለው አቅም የላትም። ልታስረዳው ሞከረች፤ አልሰማም። ባልቻ የሚያምነው ዓይኑን ብቻ ነው። እንግዲህ ዓይኑን ማታለል ሊኖርባት ነው ማለት ነው።

ከሐዋሳ ያመጣችው የሕመም ማስታገሻ ነበራት። ዲላ አይገኝም፤ ገበያነሽም «እጅግ ሲብስብሽ ብቻ» ብላ ነበር የሰጠቻት። ሚስራ ረቡዕን ጥርሷን ነክሳ ሳትወስድ ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ባልቻ ቆራጮቹን ሊቀበል ወደ መኪናው መንገድ እንደወረደ፣ የረቡዕንና የሐሙስን ባንዴ ዋጠች።

«ሲፈን፣ ነይ ጸጉሬን ሥሪኝ» አለች።

ሲፈን ስድስተኛ ክፍል ናት። እናቷ ከመስቀል ወዲህ ጸጉሬን ብላ አታውቅም። ማበጠሪያውን ይዛ እየሮጠች መጣች። «አዴ፣ ተሻለሽ እንዴ?» አለች። ሚስራ ለልጇ ልትዋሽ አላሰበችም ነበር፤ ባሏን ብቻ ነበር ያሰበችው። ግን የልጅ አፍ ነው። «ተሻለኝ» አለቻት። ልጅቷ ከኋላዋ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ሚስራም ዞራ ልታያት አልደፈረችም።

ባልቻ፣ ኸይረዲንና ሁለት ቆራጮች ዳገቱን ሲወጡ ሚስራ ዋንዛው ሥር ነበረች። ቀይ ቀሚሷን ለብሳለች። ጀርባዋን የታጠፈው ግንድ ላይ አስደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያዋ እንሰት ትፍቃለች። ገመድ የያዘው ቆራጭ ግራ ገብቶት ቆመ። እንዲህ ያለ ዛፍ ባንድ ጊዜ አይገነደስም፤ ቡናውን እንዳይጨፈልቅ መጀመሪያ ወጥተው ቅርንጫፉን ይመለምላሉ። ሴትየዋ ከሥሩ ካልተነሳች ግን ማን ይወጣል?

«ሚስራ!» አለ ባልቻ። «ማን ተነሺ አለሽ?»

«ማን ይለኛል? ለቆ ሲሄድልኝ ተነሳሁ» ብላ ሳቀች። «እስከ መቼ ተኝቼ ልቀለብ? ጎረቤቱስ ምን ይለኛል?»

«ሕመሙስ?»

«ሰሞኑን ቀለል እያለኝ ነበር፤ ሟርት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ዝም አልኩህ። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ የለም።»

ያላመናት መሰላት። ስለዚህ ተነሳች። ደጃፉ ላይ የነበረውን የውኃ ጄሪካን አንስታ እስከ ዛፉ ድረስ ተሸክማ መጣች። ዓይኗ ጨለመባት፤ እግሯ ግን አልከዳትም። ጄሪካኑን አስቀምጣ ግንዱን ጨበጠች።

ባልቻም አመነ። ሰው የተመኘውን ሲያሳዩት አይመረምርም። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ከዚያ ወደ ኸይረዲን ዞሮ እጁን ያዘ። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሚስቴ ድናለች። ዛፉ ይቆይልኝ፤ አልሸጥም።»

ቆራጮቹ አጉረመረሙ። ኸይረዲንም ፊቱ ተለወጠ፤ ከዲላ ድረስ ሰው ጭኖ መጥቷል፣ ለሎጁ ባለቤትም ቃል ሰጥቷል። ሊናገር ወደ ዛፉ ቀረበና ሚስራን ከቅርብ አያት። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ቅርፊቱን የጨበጡት ጣቶቿ ጥፍራቸው ነጥቷል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሚስራ በዓይኗ ለመነችው፤ በአፏ ግን ቀለደች።

«ጋሽ ኸይረዲን፣ ቀጥ ቀጥ ያለው ሲያልቅ ነው እንዴ እኛ ያማርነው?»

ኸይረዲን ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ።

«አላህ ያሽርሽ፣ እቱ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። እንዲህ የሚባለው ለታመመ ሰው ነው፤ ባልቻ ግን ልብ አላለም። ከዚያ ኸይረዲን ቆራጮቹን «በሉ ገመዳችሁን ሰብስቡ፤ ገበያ በግድ አይሆንም» ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ባልቻ ያን ቀን መሬት አልያዘውም። መጥረቢያውን ወዲያ ወርውሮ ለጎረቤት ሁሉ «ሚስራ ተነሳች! ሚስራ ተነሳች!» እያለ ዞረ። ሚስራ ግንዱ ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ሁሉ እየሳቀች ተቀበለች። «እግዜር ይመስገን» ሲሏት «ይመስገን» ትላለች። ከላይ ነጩ አበባ እየረገፈ ጸጉሯ ላይ ያርፋል። ዛፉ ተረፈ። ሲፈንም ከሥሩ የቀላውን ቡና እየለቀመች ታዜማለች። ሚስራ እዚያው ላይ ሆና ቀኑ ቢቆም ብላ ተመኘች።

ከሰዓት በኋላ ግን መድኃኒቱ ለቀቃት። ሕመሙ የተመለሰው ጠዋት ያስታገሰችውንም ጨምሮ ነበር። ጎረቤቱ እስኪበተን ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ ከዚያ ግንዱን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ቤት ገባች። ትራሷን አነሳች። የመድኃኒቱ ዕቃ የለም። ምንጣፉን ገለበጠች፤ የለም። መደቡ ሥር ተንበርክካ ዳበሰች፤ እዚያም የለም።

ባልቻ እየሳቀ ገባ። ተንበርክካ ሲያያት ጊዜ የምትጸልይ መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኪኒኑን ነው የምትፈልጊው? ለእማማ ማሚቱ ሰጠኋቸው፤ ወገባቸውን ይዟቸው ሲያቃስቱ አንጀቴን በሉኝ። አንቺማ ዳንሽ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? እግዜር ላደረገልን ውለታ እኛም ለሰው እናድርግ ብዬ ነው።» ፊቱ እንደ ሠርጉ ዕለት አብርቷል። «አጠፋሁ እንዴ?»

ሚስራ መደቡን ይዛ ቀና ብላ አየችው።

«ደግ አደረግህ» አለችው።