የዋሱ ዋሶች

ተሻለ በጅጅጋ በመምህርነት ከተቀጠረ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖታል። የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ በሰጠው ቦታ ላይ እስከ ሰኔ ግንባታ ካልጀመረ ቦታው ለሌላ ይተላለፋል፤ ባንኩ ደግሞ ለአዲስ ሠራተኛ ያለ ባለደመወዝ ዋስ አላበድርም አለው። ባልደረቦቹ «ነገ ተዛውሮ ቢሄድስ?» እያሉ ሁሉም ሸሹት። በመጨረሻ እሺ ያለው ጎረቤቱ፣ በከተማው ውሃ አገልግሎት በደመወዝ የሚሠራው የሞተር ሠራተኛ ጉሌድ ነበር።

በቀጠሮው ማለዳ ግን ጉሌድ ወደ ባንኩ ብቻውን አልመጣም፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሎች ተከትለውታል። ተሻለ ክው አለ። «ሊያስተዉት ነው የመጡት» አለ በሆዱ።

የባንኩ ሹም አምሀ፣ «አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ? ሁላችሁም ልትበደሩ ነው?» ሲል ቀለደ።

«ዋሱ እኔ ነኝ፤» አለ ጉሌድ። «እነርሱ ደግሞ የእኔ ዋሶች ናቸው። በእኛ ዘንድ ሰው ብቻውን ቃል አይሰጥም። ነገ ብሞት እንኳ ወገኔ ይከፍላል።»

«ጋሽ ጉሌድ፣ ለባንኩ የእርስዎ ደመወዝ ይበቃል እኮ።»

«ለባንኩ ይበቃል፤ ለጎረቤቴ ግን አይበቃም።»

ሽማግሎቹ ተራ በተራ ተሻለን ጨበጡት። እርሱም የጥንት አበው በከተማ በር፣ በሽማግሎች ፊት ቃላቸውን ያጸኑ እንደ ነበር አሰበ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ በንባብ ብቻ የሚያውቀው ሥርዓት ሕያው ሆኖ በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ አየው። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል ጉሌድ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው።

«ተው አንተ አስተማሪ! ይልቅ ቶሎ ፈርም፤ ዝናቡ ሳይመጣ መሠረቱን እንቆፍር።»