በሃያ ዓመቷ አያት፣ በስድሳ ዓመቷ ሙሽራ

ሰውን ከአፈር ያበጀ ፈጣሪ፣ ለአንዱ አስቀድሞ ለሌላው አዘግይቶ የሚሰጠውን ጸጋ በምን ሚዛን እንደሚመዝነው መርምሮ የደረሰበት ጠቢብ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስለዚህ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የአንዱ ሰው መልክ ከነፍሱ ቀድሞ ሲያረጅ፣ የሌላውም ነፍስ መልኩ ከጠወለገ በኋላ ገና ስታብብ ብታይ፣ በፈጣሪ ሥራ ላይ ስሕተት ያገኘህ መስሎህ ለፍርድ አትቸኩል። ዕድሜዋ ከመልኳ ጋር ሳይገናኝ አርባ ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ በመጨረሻው ስለታረቀላት ስለ አንዲት ዝነኛ ተዋናይት የምንተርክልህም ይህንኑ እንድታይልን ነው።

ሄስተር ትዌይት የተወለደችው በሰሜን እንግሊዝ፣ ነፋሱ ጨው ጨው በሚልበትና ደመናው ከቤት ጣሪያ በማይርቅበት በአንድ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነበር። አገጯ ረዘም፣ ዐይኗ ጠለቅ፣ ድምጿም ወፈርና ጎርነን ያለ ስለነበረ፣ ጎረቤቶቿ «ይህች ልጅ ከእኛ በፊት ተወልዳ የነበረች ናት» እያሉ ይስቁ ነበር። አባቷ አምብሮዝ ትዌይት በወደቡ ገበያ የዓሣውን ጨረታ በታላቅ ድምፅ የሚጠራ፣ በሰውም ዘንድ የታፈረና የተወደደ ሰው ነበር። አንድ ማለዳ ግን ብርድ መትቶት ድምፁ ፈጽሞ ቢዘጋ፣ ልጁ ሄስተር በርሜል ላይ ወጥታ በአባቷ ፋንታ ጨረታውን ትጠራ ጀመር፤ ጥሪዋም በወደቡ ዳርቻ አስተጋብቶ፣ በዚያ በኩል በሐዘንና በትካዜ ያልፍ ከነበረ ከአንድ ሰው ጆሮ ደረሰ። ይህ ሰው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ተውኔት የሚያሳይ የአንድ ጓድ አለቃ፣ ሚስተር ፐርሲቫል ሎክ ነበር፤ ትካዜውም፣ የባልቴቷን መስፍኒት ቦታ የምትጫወተው ተዋናይት ከባቡር ስትወርድ እግሯ ወለም ብሏት በመቅረቷ ነበር።

«ልጄ ሆይ፣ ዕድሜሽ ስንት ይሆን?» ሲል ከበርሜሉ ሥር ቆሞ ጠየቃት።

«ነሐሴ ሲመጣ ዐሥራ ስምንት ይሞላኛል፣ ጌታዬ።»

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰባ ሊሞላሽ ይችላል?»

ሄስተር ነገሩን ጥቂት አሰላስላ፣ «ወንበር ካለው ይሞላኛል፤ ከጎሕ ጀምሬ ቆሜያለሁ» ብላ መለሰችለት።

በዚያው ቀን ነጭ ዊግ ደፍታ፣ በትር ጨብጣ በመድረክ ላይ ብትታይ፣ ከወደቡ ሕዝብ ማንነቷን ያወቀ አልተገኘም። አባቷ አምብሮዝ እንኳ ከፊት ተቀምጦ፣ «ይህች ባልቴት ቁርጥ ሟች እናቴን ናት!» እያለ በተዘጋ ድምፁ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክና እንባውን ሲጠርግ ቆይቶ፣ መጋረጃው ከወረደ በኋላ ባልቴቷ ዊጓን አውልቃ «አባባ፣ እራት ምን አለን?» ብላ ብትጠይቀው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ወዲያውም አቅፎ ስሟት፣ «ሂጂ ልጄ፤ ድምፅሽ ለዚህ ገበያ በዝቷል» ብሎ መርቆ ከጓዱ ጋር ሰደዳት።

ከዚህ በኋላ የነገሥታት እናት፣ የመሳፍንት አክስት፣ የገዳም እመ ምኔት፣ ጥርስ የሌላት ጠንቋይ እየሆነች፣ ከአውራጃ ከተሞች ተነሥታ እስከ ለንደን ታላላቅ መድረኮች ስሟ ገነነ። «ልጄ!» እያለች በአንገታቸው ላይ የምታለቅስላቸው ተዋንያን አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሎች ነበሩ። አንድ ቀንም ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጡረተኛ መኮንን፣ በመድረክ ባያት ባልቴት ልቡ ተነክቶ፣ የጽጌረዳ እቅፍ ይዞ ወደ መልበሻ ክፍሏ ቢመጣ፣ ፊቷን ታጥባ የተቀመጠች የሃያ አራት ዓመት ወጣት አግኝቶ፣ «ይቅርታሽን ልጄ፣ እናትሽን ፈልጌ ነበር» አላት። እሷም እንዳያፍር ብላ፣ «እናቴ ወጣ ብላለች፤ አበባውን ግን አደርስላታለሁ» ብላ በትሕትና ተቀበለችው። እሱ ከሄደ በኋላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያም እንባ ጥቂቱ የሳቅ አልነበረም። በመድረክ ላይ የፍቅር ቃል ሁልጊዜ በአጠገቧ ያልፍ ነበርና፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ እሷ ቢነገር ትመኝ ነበር። ይህንን ለሚስተር ሎክ ብትገልጽለት፣ «ሄስተር፣ ሙሽራ መሆን የምትችል ልጅ በየመንገዱ ሞልታለች፤ ባልቴት መሆን የምትችል ልጅ ግን ከአንቺ በቀር የለችኝም» አላት። ነገሩ ምስጋና ነበርና አመስግና ዊጓን ደፋች።

ተንቀሳቃሹ ሥዕል ልሳን አውጥቶ መናገር በጀመረ ጊዜም የፊልም ሰዎች ዝናዋን ሰምተው አስጠሯት። ዳሩ ግን ከመድረክ በታች ያለውን ሺሕ ዐይን የምታሞኘው ሄስተር፣ የካሜራውን አንድ ዐይን ልታሞኘው አልቻለችም፤ ከቅርብ ሆኖ ሲመለከታት የዊጉን ጠርዝ፣ በቀለም የተሣለውን የግንባር መጨማደድ፣ ከሥሩም ያለውን ለጋ ቆዳ አንድ በአንድ ያጋልጥባት ነበር። ለአያትነት ሕፃን፣ ለሙሽርነት መልከ ጥፉ ተብላ፣ ሻይ የምታቀርብ ገረድና በር የምትከፍት ሞግዚት እየሆነች ጥቂት ከሠራች በኋላ፣ ቂም ሳትይዝ ወደ መድረኳ ተመለሰች። ዘመን ግን ሥራውን አይተውምና፣ ሽበቱ የራሷ፣ መጨማደዱም የእውነት የሆነ ጊዜ ሲኒማው ዳግመኛ ጠራት፤ በዚህ ጊዜ ካሜራው ወደዳት፣ ሕዝቡም በየአዳራሹ ገና ብቅ ስትል ያጨበጭብላት ጀመር።

ስድሳ ዓመት አልፏት ሳለ፣ ዳግላስ ፐርቪስ የሚባል አንድ የተከበረ አዘጋጅ፣ በወንዝ ላይ ሰው በጀልባ እያሻገረች ኖራ በስተርጅና ስለምታገባ ሴት ፊልም ሊሠራ መሆኑን ሰማች። ድርሰቱን አስመጥታ ብታነበው፣ ሙሽራዋ ባልቴት ነበረች፣ የፍቅሩም ቃል ሁሉ ለባልቴቷ የሚነገር ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ሄዳ፣ «ይህንን ስጡኝ» ብላ ለመነች። የፊልሙ ባለቤቶች ግን ስሟ አዳራሽ የሚሞላውን፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለችውን ቆንጆይቱን ሲልቪያ ካርንን በቀለም አስረጅተው ሊያሠሩ ቆርጠው ነበርና፣ ለሄስተር የደረሳት የሙሽራዋ እኅት ቦታ ሆነ። «እሺ» አለች፤ ወደ ቤቷም ገብታ መጋረጃዋን ጋርዳ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ገደማ፣ በቀትር፣ በሯ ተንኳኳ። ብትከፍት ሲልቪያ ካርን ድርሰቷን ይዛ ቆማለች።

«እመቤቴ፣ እርጅናን ያስተምሩኛል ብዬ መጣሁ» አለቻት፤ «እንደማላውቀው እኔም ዐውቀዋለሁ።»

በዚያች ቅጽበት በሄስተር ልብ ውስጥ ክፉ ሐሳብ አለፈ። ጀርባሽን አጉብጪ፣ እጅሽን አንቀጥቅጪ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ተንፍሺ ብላ ብትሸኛት፣ ልጅቱ በሕዝብ ፊት መሳለቂያ እንደምትሆን ታውቅ ነበር፤ ቃሉም ከከንፈሯ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሆኖም ዕድሜ ልኳን ያከበረችውን ጥበብ በገዛ እጇ ማርከስ አልሆነላትም።

«ተቀመጪ ልጄ» አለቻት በመጨረሻ። «አሮጊት ለመምሰል አትድከሚ። አሮጊት ሴት ቀኑን ሙሉ የምትደክመው ላለማርጀት ነው። ጉልበቷን ሲያማት ታነክሳለች? የለም፤ መስኮት የምታይ መስላ ትቆማለች።» ይህን ብላ ከወንበሯ ተነሣች፤ አነሣሷም ሕመሙን የደበቀ፣ መደበቁ ግን የሚታይ ነበር። «በይ የሽማግሌውን ሙሽራ ቃል አንብቢልኝ፤ የሙሽራዋን እኔ እመልስልሻለሁ።»

ሲልቪያ «አብረሽኝ ትኖሪያለሽ?» የሚለውን አነበበች። ሄስተር ከመመለሷ በፊት ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች፤ እንደ ልጅ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያም በዚያ ጎርናና ድምጿ፣ «ምነው ይህን ያህል ቆየህ?» አለች።

ሲልቪያ ድርሰቱን አጠፈችው። ዐይኗን ጠራርጋ ስታበቃም፣ «እኔ ይህንን ለመቻል ሠላሳ ዓመት ያስፈልገኛል፤ ሚስተር ፐርቪስ ደግሞ በሰኔ ሊጀምሩ ነው» ብላ እየሳቀች ባርኔጣዋን አነሣች። በቀጥታም ወደ አዘጋጁ ሄዳ፣ ሙሽራዋ ሄስተር ካልሆነች እሷም እንደማትሠራ፣ ከሆነች ግን ሠርጉን የምትቃወመውን የሙሽራዋን የወንድም ልጅ በደስታ እንደምትጫወት ነገረችው። የፊልሙ ባለቤቶች አጉረመረሙ፤ ነገር ግን የሲልቪያን ስም ከማጣት ማጉረምረሙን መረጡ።

የሠርጉ ቀረጻ በደረሰ ጊዜ ሄስተር በአንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ልብሷን ደጋግማ አስተካከለች፤ የምትሸሸግበት ዊግም ሆነ ቀለም አልነበረም፤ ሙሽራ ሆና ሰው ፊት ስትቀርብም የመጀመሪያዋ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ድምጿን እንደ ወደቡ ገበያ አስጮኸችው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የነበሩ ርግቦች ሁሉ በረሩ፤ ሠራተኛውም ሳቀ። በሁለተኛው ሙከራ ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ የእውነት ከዳት፤ ሙሽራው ሆኖ የሚጫወተው ሽማግሌ ሊደግፋት ቢሞክር እሱም ተንገዳገደ፤ ሁለቱም እንዳይወድቁ ተቃቅፈው ቆሙና የድርሰቱን ቃል ረስተው በሳቅ ፈነዱ። ሲልቪያ ከካሜራው ኋላ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ይህንን ማንም እንዳይነካብኝ!» አለ ፐርቪስ፤ ፊልሙም ለሕዝብ የቀረበው ከነሳቁ ነው፤ በዚያ ስፍራ ተመልካቹ ከወንበሩ እየተነሣ ያጨበጭብ ነበር።

ፊልሙ በትውልድ ወደቧ በታየ ቀን፣ ሄስተር በአዛውንት እኅቷ በዶርካስ አጠገብ ተቀምጣ አብራ አየችው። በሙገሳ የማትታማው ዶርካስ መብራቱ ሲበራ ወደ እሷ ዞር ብላ፣ «ሰውዬው ደግ ነው፤ ብታገቢው አይጎዳሽም ነበር» አለቻት።

«ሚስት አለው እኮ።»

«እንዲያ ከሆነ በሠርጉ ያደረግሽው ባርኔጣስ ይቅርብሽ፤ አላማረብሽም።»

ሁለቱ ባልቴቶች ተደጋግፈው በባሕሩ ዳር እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሄስተር ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ኖራ፣ ሦስት ጊዜ ደግማ በፊልም ተዳረች፤ ሲልቪያም በእያንዳንዱ ሠርግ አበባ ይዛ ትመጣላት ነበር። ዘግይታ የምትደርስ ደስታ የባለቤቱን ዕድሜ አትጠይቅም፤ በቤቱ መገኘቱን ብቻ ትጠይቃለች።