በጨለማው ክፍል ያበራሁት መብራት

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ወለል መወልወል ግን የሚያስተምረኝ ሰው እስካሁን አልተወለደም። በዚህ ቤተ ሙከራ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ «እዚህ ጋ ቆሽሿል» ያለኝ የለም። ጣጣውም የመጣብኝ ከዚሁ ኩራቴ ነው።

ዶክተሯ የምታጠናው ስለ ካንሰር ነው። ቀጭን ናት፤ ምሳዋን ትረሳለች። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት አልናቀችኝም። ዓይን የማያየው የብረት ብናኝ ሕይወት ያለው የካንሰር ሴል ውስጥ ታስገባለች። ብረቱ በጨለማ ይተኛል። ብርሃን ሲነካው ይነቃና አጠገቡ ያለውን ጉዳት የሌለው መድኃኒት ገዳይ ያደርገዋል፤ እሱ ራሱ ግን አያልቅም። ካታሊስት ይሉታል።

«ሰው እየዳረ ራሱ የማያገባ ደላላ በይዋ» አልኳት።

«እማማ፣ ይቺን ለፕሮፌሰሩ መንገር አለብኝ!» ብላ ሳቀች።

ዋናው ነገር ብረቱ በጨለማ አለመግደሉ ነው። ያለ ብርሃን ከገደለ የበሽተኛውን ደህና ሥጋም ይፈጃል። ስለዚህ ሴሎቹ ካሉባቸው ሳህኖች ግማሾቹን ብርሃን ታሳያቸዋለች፤ ግማሾቹን ጨለማው ክፍል፣ ባለ መስታወት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ታኖራቸዋለች። እዚያ ከደብዛዛ ቀይ አምፖል በቀር ሌላ አይበራም።

እኔ ደግሞ በቀይ አምፖል የተወለወለ ወለል አላምንም። ሰኞ ጠዋት ጫማዬ ወለሉ ላይ ተጣበቀብኝ። ሻሼን ፈታሁና የሣጥኑን መስታወት ሸፈንኩበት፤ ነጩን መብራት አበራሁ፤ ፈትጌ ስጨርስ አጠፋሁ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የእኔ ሻሽ እንኳን የአምፖል ብርሃን፣ የፀሐይንም ይመልሳል ብዬ።

ማክሰኞ ዶክተሯን ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ አገኘኋት።

«ምነው ልጄ?»

«የጨለማዎቹም ሞተዋል፣ እማማ። ብረቱ ብርሃን አይጠብቅም ማለት ነው። ሁለት ዓመቴን ውሃ በላው። አራት ሰዓት ላይ ለፕሮፌሰሩ ነግሬ እዘጋዋለሁ።»

 ኮሪደሩን ወለወልኩ። መልሼ ወለወልኩት። ባልዲ ሞላሁ፣ ደፋሁ፣ ሞላሁ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ከሩብ። ሄጄ የታጠበ ብርጭቆ አጠብኩ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ፣ ጉንዳን ረገጥሽ እንዴ?» አለኝ ዘበኛው።

«አንተ በርህን ጠብቅ!»

ብናገር፣ አንገቴን ቀና አድርጌ በኖርኩበት ቤት «አበላሺዋ አሮጊት» ልባል ነው። ባልናገር ማንም አያውቅም። ግን የልጅቷ ሥራ ባልሠራው ጥፋት ሊቀበር ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል መወልወያዬን እንደያዝኩ፣ ሳላንኳኳ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ።

«እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን እኮ» አለ።

«አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። ሰኞ ጨለማው ክፍል መብራት ያበራሁት እኔ ነኝ።»

የሻሹን ነገር ስነግራቸው ፕሮፌሰሩ አፉን በእጁ ያዘ፤ ይሳቅ ይናደድ አላወቅሁም። ዶክተሯ አልሳቀችም።

«በሩ ላይ «መብራት አይበራም» የሚለውን ጽሑፍ አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ። ለዝርክርክ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነው።»

እጇን ዘረጋች። የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኋት። ሙከራውን «ሀ» ብላ ጀመረችው፤ እኔን ግን አላናገረችኝም።  ብረቱ ራሱ ገዳይ ቢሆንስ? በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን ተመኘሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት ብቅ አለችና «ይምጡ» አለችኝ። ማይክሮስኮፑን አሳየችኝ። ሴሎቹ ተጠጋግተው፣ ወፍረው ተቀምጠዋል።

«የጨለማዎቹ ናቸው። በሕይወት አሉ!»

«ብርሃን ያሳየሻቸውስ?»

«አንድም አልተረፈ።»

ታናሽ እህቴን የቀበረ ካንሰር ነው። ደልቶት ሳየው «እሰይ!» አልኩ።

ቁልፉን አልመለሰችልኝም። የጨለማውን ክፍል አሁን ራሷ ትወለውለዋለች። ጥጋጥጉን ትዘለዋለች፤ እኔም አይቼ ዝም እላለሁ።